«ዝብርቅርቅ ነው» ለምትሉ

ስለ አንድ የእንግሊዝ ሸክላ ብዕር አንሥቶ ሙግት መግጠም ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልፈርድበትም። ነገር ግን ሙግቱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። የጀመሩት «ወጥነት» የምትባለዋን ቃል እንደ ዱላ ይዘው በየቡና ቤቱ የሚዞሩት ወገኖች ናቸው። ለእነርሱ አልበም ማለት ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ካዘነ አሥረኛውም ማዘን አለበት። ጊታሩ ከጮኸ እስኪያልቅ መጮኽ አለበት። ከዚህ ያፈነገጠ ሁሉ «ዝብርቅርቅ» ነው፤ «ማንነት የሌለው» ነው፤ «የገበያ ነገር» ነው። ሰሞኑን ደግሞ ዱላቸውን ያሳረፉት «ኩዊን» የተባለው የሎንዶን ቡድን በ1975 ባወጣው «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» በተሰኘው አልበም ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

«እሱኮ አልበም አይደለም፤ የመዋጮ ድግስ ነው» አለኝ ከእነዚሁ አንዱ፣ የማከብረው ወዳጄ። «ሁሉም ከየቤቱ ያገኘውን ይዞ መጥቶ አንድ ትሪ ላይ ገለበጠው። አንተ ደግሞ ጣፈጠኝ ትላለህ!»

አዎን፣ ጣፍጦኛል። እንዲያውም መዋጮ መሆኑን አልክድም። የምክደው «ተገለበጠ» የሚለውን ነው።

እስቲ መጀመሪያ ትሪው ላይ ያለውን እንቁጠረው። 12 ዘፈኖች ናቸው፤ 43 ደቂቃ ገደማ ይፈጃሉ። በመክፈቻው አንድ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይራገማል። እርግማኑ ገና ከጆሮ ሳይወጣ የ1920ዎቹን የእንግሊዝ ቲያትር ቤት የምታስታውስ፣ 1 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ብቻ የምትፈጅ የእሑድ ከሰዓት ዜማ ትከተላለች። ቀጥሎ ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ለመኪና ስላለ ፍቅር ይዘፍናል፤ ቀልድ ይመስላል እንጂ ጉሮሮው የምሩን ነው። መጨረሻ ላይ የሚሰማው የሞተር ጩኸትም የራሱ የአልፋ ሮሜዎ ድምፅ ነው። ከዚያ ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ለሚስቱ የጻፈው ዜማ ይመጣል። ከዚያ ከተለመደው ጊታር ብዙም ያልራቀ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚዘፈን የሚመስል፣ ነገር ግን ወደ ጠፈር ተጉዘው ሲመለሱ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ያረጀባቸውን መንገደኞች የሚተርክ ዘፈን አለ። ሁለተኛው ገጽ ሲገለበጥ ደግሞ ከ8 ደቂቃ በላይ የሚሄድ የጥፋት ውኃ ትንቢት፣ በትልቁ የፈረንጅ በገና የታጀበ የፍቅር ልመና፣ የድሮ የአሜሪካ ጃዝ፣ ኦፔራ፣ በመጨረሻም የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር።

ሲዘረዘር፣ እውነት ነው፣ ያስደነግጣል። ወዳጄም የተሸነፈው በዝርዝሩ ነው። ዝርዝር ግን ማድመጥ አይደለም።

«ወጥነት» ሲባል የምን ወጥነት? የቀለም ወጥነት አለ፤ የእጅ ወጥነትም አለ። አንድ ሸማኔ ዛሬ ነጭ ጋቢ፣ ነገ ባለጥለት ቀሚስ ቢሠራ ዐዋቂ ሰው ጠርዙን ዳስሶ «ይኼ የእገሌ እጅ ነው» ይላል። ቀለሙን አይቶ አይደለም፤ አጣጣሉን፣ አቋጫጨቱን አይቶ ነው። ይህ አልበም አንድ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው። ሁሉም በአራት ሰዎች እጅና ጉሮሮ የተሠራ ነው። ልባሱ ላይ ሳይቀር «ሲንተሳይዘር የለም» ብለው በኩራት አሳትመዋል። ዛሬ ይህ ነገር ትርጉም ያለው ላይመስል ይችላል፤ በዚያ ዘመን ግን የኤሌክትሮኒክ ሳጥኑ ገና መግባቱ ስለነበር፣ ሰሚው «መቼም ይህን ድምፅ በማሽን ነው ያመጡት» ብሎ እንዳይገላገል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር።

«ጉድ ካምፓኒ» የሚለውን ዘፈን ብቻ እንውሰድ። መለከት ይሰማል፤ ክላርኔት ይሰማል፤ ትሮምቦን ይሰማል፤ አንድ ሙሉ የድሮ የኒው ኦርሊንስ ባንድ ሰልፍ ወጥቶ በደጃፍ የሚያልፍ ይመስላል። ጎበዝ፣ እዚያ ዘፈን ውስጥ አንድም የትንፋሽ መሣሪያ የለም! ያ ሁሉ የብራያን ሜይ ጊታር ነው። ያውም ከሱቅ የተገዛ ጊታር አይደለም። ሜይ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1963 ከአባቱ ጋር ተቀምጦ በቤቱ መሥራት የጀመረው፣ አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ ማስጌጫ እንጨት የተጠረበ፣ ስፕሪንጎቹ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የተነቀሉ ጊታር ነው። የሚመታው ደግሞ በስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው። በዚህ ጊታር የእያንዳንዱን የትንፋሽ መሣሪያ አጀማመርና አወራረድ አጥንቶ፣ አንዳንዱን ቦታ ኖታ በኖታ እየቀዳ አንዱን በሌላው ላይ ደረበው። አሁን ንገሩኝ፤ «ከየቤቱ ያገኘውን ገለበጠ» የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው?

ወይም «ሲሳይድ ራንዴቩ»ን ስሙት። እዚያ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የሜርኩሪና የቴይለር አፍ ናቸው። የጫማ ተረከዝ እየመቱ እንደመጨፈር ያለውን ድምፅ ያወጡት ልብስ ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን ብረት አድርገው ጠረጴዛ በመምታት ነው። የእሑዷ ዜማ ላይ የሜርኩሪ ድምፅ ከአሮጌ ግራሞፎን የሚወጣ የሚመስለውም የተቀዳው ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ወደ ብረት ባልዲ ውስጥ ተለቅቆ፣ ከባልዲው ውስጥ እንደገና ስለተቀዳ ነው። ባልዲ! እንግዲህ አንዱ ዘፈን የሚመስለው ቲያትር ቤት፣ ሌላው ኒው ኦርሊንስ፣ ሦስተኛው ኦፔራ ቤት ይሁን እንጂ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ በእጅ ባለው ነገር የሌለውን ነገር ማስመሰል። ይህ ጨዋታ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይሄዳል። ወጥነት ካላችሁ ወጥነቱ ይኸው።

ጆን ዲከንንም ልጨምር፤ ዝምተኛ ስለሆነ ሁልጊዜ ይረሳል። ለሚስቱ የጻፈውን ዜማ በኤሌክትሪክ ፒያኖ እንዲጫወትለት ሜርኩሪን ቢጠይቀው ሜርኩሪ መሣሪያውን ጠልቶት እምቢ አለ። ዲከን አልተከራከረም። መሣሪያውን ቤቱ ወስዶ ተለማመደና ራሱ ተጫወተው። ለጠፈሩ ዘፈን ደግሞ ቆመው የሚመቱት ትልቁ ቤዝ ሲፈለግ እሱንም ተምሮ መጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ይኸው ሰው የጻፈው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የመዋጮ ድግስ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ለዝምተኛውም ወንበር አለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ። «ሀብት ያናወዘው ሥራ ነው፤ በዘመኑ እጅግ ውድ ከተባሉት አልበሞች አንዱ አይደል? ገንዘብ የተረፈው ሰው ካልሆነ በቀር ለአንድ ዘፈን ሦስት ሳምንት ማን ይዘምራል?» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። ወጪው 40,000 ፓውንድ ያህል ደርሷል መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ያን ጊዜ ባለጸጎች ሳይሆኑ ባለዕዳዎች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ትራይደንት ከተባለ ድርጅት ጋር ተፈራረሙ። ቀረጻውም፣ የዜማው ባለመብትነትም፣ የማናጀርነቱም ሥራ በአንድ ቤት እጅ ገባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! በ1974 «ኪለር ኩዊን» የተባለው ዘፈናቸው በእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ስማቸው በየጋዜጣው ሲጠራ፣ እነርሱ በሳምንት 60 ፓውንድ ደመወዝተኞች ነበሩ። ዲከን ቤት ለመግዣ ቀብድ ቢጠይቅ ከለከሉት። ከውሉ ለመውጣት ክረምቱን ሙሉ በጠበቃ ሲደራደሩ ቆይተው፣ 100,000 ፓውንድ ለመክፈልና ከሚቀጥሉት ስድስት አልበሞች ገቢ በመቶ አንድ ለመስጠት ተስማምተው በነሐሴ 1975 ተለያዩ። እንግዲህ በዚያው ወር ነው ስቱዲዮ የገቡት። አልበሙ ካልተሸጠ ቡድኑ አበቃለት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጡ። ጓዳውን አራግፎ ያበሰለ ሰው ሳህኑ ቢበዛ «ሀብት አናወዘው» አይባልም።

የመክፈቻው እርግማንም ምንጩ ይኸው ነው። ዘፈኑ የማንንም ስም አይጠራም፤ የትራይደንቱ ኖርማን ሼፊልድ ግን «እኔን ነው» ብሎ ከሰሰ፤ ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። ክሱ ባይኖር ኖሮ ማን እንደተረገመ ሕዝብ ባላወቀ ነበር። ሼፊልድ በበኩሉ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ስሞታውን አስተባብሏል፤ ብዙ ወጪ ያወጣሁባቸው እኔ ነኝ ባይ ነው። ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ያ እርግማን በዚያ ብርታት ቢቀጥል ኖሮ፣ ወጥ ወዳዶቹ እንደሚሹት አልበሙ በሙሉ የተበዳይ ጩኸት ቢሆን ኖሮ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ በሰለቸን ነበር። ይልቅስ እርግማኑ ሲያልቅ ባልዲዋ ውስጥ የምትዘፍነው የእሑድ ዜማ ብቅ ትላለች። ሰውዬው ፊቱን ታጥቦ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው በደጃፋችን ያልፋል። ቁጣው እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው። ይህ አቀማመጥ በድንገት የመጣ አይመስለኝም።

ሁሉም ቦታ ግን እኩል ተሳክቶላቸዋል አልልም። «ስዊት ሌዲ» የሚሉት ዘፈን ዛሬም አይዋጥልኝም፤ ጊታሩ ይጮኻል እንጂ ወሬው አይያዝም። በጠፈሩ ዘፈንና በአፍ ኦርኬስትራው መካከል ባይቀመጥ ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ቅይጥ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬም አልሟገትም። በማግስቱ ዓመት በ1976 ያወጡት «ኤ ዴይ አት ዘ ሬስስ» ስሙንም ልባሱንም ከዚህኛው ቀድቶ፣ ድግሱን ለመድገም የተሞከረበት ነው። ጥሩ ዘፈኖች አሉበት። ነገር ግን አሁን ዕዳ የለም፤ ሥጋት የለም፤ ስለዚህ ቅይጡ ከችግር የመጣ ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው፤ ልዩነቱም ይሰማል።

ወደ ሦስተኛዎቹ ልለፍ። እነዚህ ጠላቶች አይደሉም፤ ወዳጅ ነን ባዮች ናቸው፤ የሚያስቸግሩትም ስለዚህ ነው። እነርሱ የሚያውቁት አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»። የቀረው 11 ዘፈን ማሸጊያ ይመስላቸዋል።

ዘፈኑ ታላቅ አይደለም አላልኩም። 5 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ስለሚፈጅ ሬዲዮ አይነካውም ተብሎ ሳለ፣ በሎንዶኑ ካፒታል ሬዲዮ ኬኒ ኤቨሬት የተባለው አቅራቢ በአንድ የሳምንት መጨረሻ 14 ጊዜ አሰማው። ከዚያ በእንግሊዝ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በጃንዋሪ 1976 መጨረሻ ከወንበሩ ያወረደው የአባ ቡድን «ማማ ሚያ» ነው። («አባ» ስል የስዊድኖቹን ማለቴ ነው፤ ቄስ የዘፈነ እንዳይመስላችሁ።) ፍሬዲ ሜርኩሪ በኅዳር 1991 ሲሞትም ዘፈኑ እንደገና ወጥቶ እንደገና የገና ሰሞን አንደኛ ሆነ። አልበሙም ቢሆን በእንግሊዝ አንደኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ ደርሶ ሰዎቹን ከዕዳ ያወጣቸው በዚህ ዘፈን ትከሻ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

የማልቀበለው ዘፈኑን ከቦታው ነቅሎ እንደ ተአምር ማሳየትን ነው። ብቻውን ሲሰማ በእርግጥ ግራ ያጋባል፤ በለሆሳስ ይጀምራል፣ ኦፔራ ይሆናል፣ ሮክ ይሆናል፣ ተመልሶ ይተነፍሳል። እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? አልበሙ ራሱ ነው፤ በትንሹ ተሠርቶ። በቦታው ላይ ሆኖ ሲደመጥ ደግሞ ከፊቱ የሚቀድመው ያ የጊታር ጃዝ ባንድ ነው። ጆሯችን ገና አሁን ከአንድ ጊታር መለከትና ክላርኔት ሲወጣ ሰምቷል። ስለዚህ ከሦስት ሰዎች ጉሮሮ ሙሉ መዘምራን ሲወጣ አንደነግጥም፤ ጨዋታውን ለምደነዋል። እነዚያ መዘምራን ሜርኩሪ፣ ሜይና ቴይለር ብቻ ናቸው። ሦስት ሳምንት ገደማ በቀን አሥር ሰዓት እየዘመሩ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ፣ ድርቡ እስከ 180 ደርሷል ይባላል። በ24 መስመር የቴፕ ክር ላይ ያን ያህል ድምፅ ለማጨቅ ክሩን ደጋግመው ከማሄዳቸው የተነሣ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት ማዶው እስኪታይ ሳስቶ ነበር።

«ኦፔራን አዋረዱት» የሚሉም አጋጥመውኛል። የአልበሙ ስም ከየት እንደመጣ ያውቁ ይሆን? ማርክስ ብራዘርስ የተባሉት ቀልደኞች በ1935 ከሠሩት ፊልም ነው፤ ቡድኑ በቀረጻው መካከል አይቶት ስሙን ወሰደው። በፊልሙ ውስጥ ቀልደኞቹ ኦፔራ ቤት ገብተው ትርምስምሱን ያወጡታል። እንግዲህ ደጃፉ ላይ «ቀልድ ነው» ብሎ የለጠፈን ሰው «ለምን ቀለድክ?» ብሎ መክሰስ ምን ይሉታል?

አራተኛውን ወገን ሳልነካ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አይቻልም፤ ጉዳዩ የእኛው ነው። ይህ ወገን የሚለው «እነርሱኮ ለእኛ የዘፈኑ ናቸው፤ በ77ቱ ድርቅ!» ነው። አዎን፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በሎንዶኑ ዌምብሌ ስታዲየም በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ኩዊን 21 ደቂቃ ያህል ተጫውቷል፤ የጀመረውም በዚሁ በቦሂሚያን ራፕሶዲ መግቢያ ነው። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ከመድረክ ሥራዎች ሁሉ የላቀ ነው ይለዋል፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ረሃብተኛ ስለተለመነለት ዘፈኑን ይወድ ዘንድ ይገደዳል እንዴ? ምስጋና አንድ ነገር ነው፤ ጆሮ ሌላ ነገር ነው። ለአልበሙ የምቆመው እርዳታ ስለላኩልን ከሆነ፣ አልበሙ በራሱ መቆም አይችልም ብዬ መመስከሬ ነው።

ለመመስገን ከተፈለገ ደግሞ ሙሉው ይነገር። የኮረምን እልቂት ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን በቢቢሲ ለዓለም ያሳዩት በጥቅምት 1984 ነው። በዚያው ወር፣ ዘገባው ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ኩዊን የት ነበር? ሰን ሲቲ! የአፓርታይድ መንግሥት «ነፃ አገር» ብሎ በሰየመው በቦፑታትስዋና፣ ዓለም አትሂዱ እያለ፣ ሄደው ተጫወቱ። የሙዚቀኞች ማኅበራቸው ቀጣቸው፤ የተባበሩት መንግሥታትም በጥቁር መዝገብ አሰፈራቸው። እነርሱ «እኛ ፖለቲከኞች አይደለንም፤ የተጫወትነው በዘር ላልተከፋፈለ ሕዝብ ነው» ብለው ተከራከሩ። ይህ መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ማዕቀቡ የተጣለው በአዳራሹ ወንበር አደላደል ምክንያት አልነበረም። ዘጠኝ ወር ቆይቶ ዌምብሌ ላይ የታየው ጥሩ ሥራም ያንን አያጥበውም፤ ያኛውም ይህን አይሰርዘውም። ሁለቱም የእነርሱ ናቸው።

በ2018 የወጣው ፊልም ግን ይህን ሁሉ አስተካክሎ፣ ለጆሮ የሚጥም ተረት አድርጎ አቀረበልን። በፊልሙ ላይ ቡድኑ ተበትኖ፣ ተኳርፎ፣ ለላይቭ ኤይድ ሲባል ይታረቃል፤ ሜርኩሪም በሽታውን ከኮንሰርቱ በፊት ለጓደኞቹ ይነግራል። ውሸት ነው። ቡድኑ አልተበተነም፤ በ1984 አልበም አውጥቶ፣ በግንቦት 1985 ጃፓን ውስጥ ጉዞውን ጨርሶ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሜርኩሪ በሽታውን ያወቀውም ከኮንሰርቱ በኋላ እንጂ በፊት እንዳልሆነ የቅርብ ሰዎቹ መስክረዋል። ሰን ሲቲማ በፊልሙ ውስጥ ድርሽ አትልም። ወጥ ወዳዶች ፊልም ሲሠሩ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የሰውም ታሪክ አንድ ቀለም መቀባት አለበት።

«አፍሪካዊ ነው፤ የእኛ ነው» የሚለውንም እንደዚሁ እፈራዋለሁ። ፋሩክ ቡልሳራ ከፓርሲ ቤተሰብ በ1946 ዛንዚባር ተወለደ፤ ሕንድ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1964ቱ የዛንዚባር አብዮት ቤተሰቡ ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። ስሙን ፍሬዲ ሜርኩሪ አለ፤ ስለ ዛንዚባር ግን ብዙ ሲያወራ አልተሰማም። በባልዲ ውስጥ የዘፈነው የእንግሊዞችን የአያቶቻቸውን ዜማ ነው። ከእንግሊዞቹ በላይ እንግሊዝ ሆኖ መጫወቱን ሳስብ፣ አገሩ ያልሆነውን አገር በጥንቃቄ ያጠና ሰው ይታየኛል። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ አልበሙ ውስጥ የሚሰማ ማስረጃ የለኝም፤ «የእኛ ነው» ባዮችም የላቸውም።

አንድ ቃል ላይ ልመለስ። ወዳጄ አልበሙን ሲያንኳስስ «ጉራማይሌ» ብሎታል። ይህ ቃል መቼ ስድብ እንደሆነ አላውቅም። ድሮ ጉራማይሌ የውበት ስም ነበር። ነቃሿ ድዱን አንዱን እያጠቆረች አንዱን እየተወች ስትሄድ፣ የተወችው ቦታ የጠቆረውን ያሳምረዋል፤ የጠቆረው ጥርሱን ያነጣዋል። የነቃሿ እጅ ካልቀናች ግን ድዱ በሙሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ወጥ ከመንቀስ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነበር። ወዳጄ ሳያውቀው አሞገሰ ማለት ነው።

ለማንኛውም ከእነዚህ ሁሉ ወገኖች ጋር ከመጨቃጨቅ አልበሙን በወጉ ማድመጥ ይቀላል፤ ችግሩ ዛሬ እሱም ከባድ ሆኗል። ሁለተኛው ገጽ የሚከፈተው ሜይ ታምሞ ሳለ ባየው ሕልም ላይ ተመሥርቶ በጻፈው የትንቢት ዘፈን ነው። መካከሉ ላይ የሜርኩሪ ድምፅ ብቻውን ይቀራል፤ የራሱ ድምፅ ጥቂት ዘግይቶ እየተመለሰ ሦስት ሰው ሆኖ ይዘምራል። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ዘፈኑ አያቆምም፤ እየቀጠነ፣ እየሳሳ ሄዶ በቀጥታ «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» ውስጥ ይገባል። ያንን ሃርፕ ሜይ መጫወት አይችልም ነበር፤ ቅኝቱም እየወረደ ሲያስቸግረው በየቁራጩ እያስተካከለ፣ አንድ አንዱን ቃና ለየብቻ እየቀዳ ነው የሠራው። ከጥፋት ውኃው በኋላ የመጀመሪያው የምንሰማው ለስላሳ ነገር እሱ ነው። ዛሬ ዘፈን በየነጠላው ከስልክ ላይ እየተመረጠ ሲሰማ መገጣጠሚያው መሀል ለመሀል ይቆረጣል፤ ትንቢቱ ጅራት አልባ ይሆናል፤ ፍቅሩም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይጀምራል። እዚያ ላይ የሚሰማውን መደናቀፍ ቡድኑ አልሠራውም፤ በ1968 ዓ.ም. ኅዳር 11 ቀን የወጣው ሸክላ ላይ የለም።